ከማስጠንቀቂያ እስከ ውሳኔ

(በእርዳታና በሠፈራ ሥራ ለተሰማሩ የመንግሥት ኃላፊዎችና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)

ድርቅ የተፈጥሮ ክስተት ቢሆንም ረሃብ ግን በአብዛኛው የአስተዳደር ውጤት መሆኑ ዛሬ በመስኩ በተሰማሩ ተመራማሪዎች ዘንድ በሰፊው የታመነበት ጉዳይ ነው። ሰማይ ዝናብ ሲነፍግ ዝነብ ብሎ ሊያዝዘው የሚችል መንግሥት የለም። ይሁን እንጂ ዝናቡ በቀረበት ዕለትና የመጀመሪያው ኩንታል እህል ከተቸገረው ቤተሰብ ደጃፍ በሚደርስበት ዕለት መካከል ያለውን ጊዜ የሚያሳጥረውም ሆነ የሚያራዝመው ሰው ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ገበሬው በሬውን ይሸጣል፤ አርብቶ አደሩ ላሙን ይቀብራል፤ እናት የልጆቿን ማዕድ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ታወርዳለች። ስለሆነም የአስተዳደር ጥናት ድርቅን በሚመለከት ሊመልሰው የሚገባው ዋና ጥያቄ የዝናቡን መጠን ሳይሆን የዚህን ጊዜ ርዝማኔ የሚመለከት ነው።

በዚህ ረገድ የተካሄዱት ምርምሮች የሚደርሱበት መደምደሚያ አንድና ግልጽ ነው። በአብዛኞቹ የረሃብ ዘመናት የጠፋው ወሬ አልነበረም፤ የጠፋው ወሬውን ተከትሎ እርምጃ የመውሰድ ግዴታ ያለበት አካል ነው። ማስጠንቀቂያ ሰጪው አንድ ወገን፣ ወሳኙ ሌላ ወገን፣ ገንዘቡና እህሉ ደግሞ በሦስተኛ ወገን እጅ ሲሆኑ፣ በመካከሉ ማንም ሳይዋሽና ማንም ሳይተኛ ሕዝብ ሊያልቅ ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህን ሁኔታ ከአገሪቱ የድርቅ ታሪክና ከሌሎች አገሮች ልምድ በመነሳት ማብራራት፣ ለወረዳና ለቀበሌ ሥራ የሚበጀውንም ማመላከት ነው።

፩. ወሬ ሳይጠፋ ውሳኔ የጠፋባቸው ዓመታት

የጂኦግራፊ ሊቅ የነበሩት መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያን ገጠር ለረሃብ መጋለጥ አስመልክተው እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ አንድ ሊዘነጋ የማይገባው ማስረጃ ይገኛል። በ1958 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ የሚገልጸው ዘገባ ከታችኛው እርከን ተነስቶ በደብዳቤ ቅብብል እስከ ላይኛው ባለሥልጣን ለመድረስ ወደ 300 ቀናት ገደማ ወስዶበታል። ደብዳቤው አልጠፋም፤ በየጽሕፈት ቤቱ ቁጥር እየተሰጠው፣ እየተመራና «ተጣርቶ ይቅረብ» እየተባለ ተጉዟል። እያንዳንዱ ጸሐፊና ኃላፊ በደንቡ መሠረት የሚጠበቅበትን ፈጽሟል ማለት ይቻላል። የተራበው ገበሬ ግን 300 ቀን የሚጠብቅበት ጎተራ አልነበረውም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ዕልቂትም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳይተዋል። ጉዳዩ በይፋ ታምኖበት ሰፊ እርዳታ መንቀሳቀስ የጀመረው ግን ብዙ ሕይወት ካለፈ በኋላ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይኸንኑ የወሎን ረሃብ መርምረው፣ በጊዜው የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ ችግሩ የወሎ ገበሬ ምርቱን ካጣ በኋላ እህል የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው መሆኑን ተከራክረዋል። በዚህ አመለካከት መሠረት እህል በአገር ውስጥ እያለ፣ ከክፍለ ሀገሩም እየወጣ፣ ሰው ሊራብ ይችላል ማለት ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ የአስተዳዳሪው ሥራ እህል መቁጠር ብቻ ሳይሆን ሰው እህሉን የሚያገኝበትን መንገድ መጠበቅ ይሆናል።

ከዚህ መራራ ተሞክሮ በመነሳት በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘረጋ። የዝናብ፣ የሰብል፣ የገበያ ዋጋና የከብት ሁኔታ በየወቅቱ እየተሰበሰበ ይጠናቀር ጀመር። በመሆኑም የ1976 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሲመጣ «አላወቅንም» ለማለት የሚያስችል ሁኔታ አልነበረም። ኮሚሽኑ በመጋቢት ወር 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለችግር መጋለጡን፣ የሚያስፈልገው እህልም ወደ 900 ሺህ ቶን የሚጠጋ መሆኑን ለለጋሾች አስታወቀ። ይህን ሁሉ እህል በወደብና በካሚዮን ማጓጓዝ እንደማይቻል በመገመት የጠየቀው ግን 450 ሺህ ቶን ብቻ ነበር። በዚያው ወቅት አገሪቱን የጎበኘው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን ደግሞ ፍላጎቱን ወደ 125 ሺህ ቶን ዝቅ አደረገው።

እዚህ ላይ ሦስት አኃዞች ለአንድ ረሃብ መቅረባቸውን ልብ ይሏል። አንዱ የሰውን ፍላጎት፣ ሁለተኛው የመንገዱን አቅም፣ ሦስተኛው ደግሞ የወደቡንና የለጋሹን ግምት የሚለካ ነበር። ለጋሾች በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ስለቆየ የኮሚሽኑን ቁጥር በጥርጣሬ ያዩት ነበር። በአገር ውስጥም የመንግሥቱ ከፍተኛ ትኩረት በመስከረም ወር 1977 ዓ.ም. በሚከበረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ላይ ነበር። በሰሜኑ የሚካሄደው ጦርነትም ገበያውንና መንገዱን ቆራርጦት ነበር። ዓለም የነቃው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተላለፈው የቴሌቪዥን ዘገባ በታየ ጊዜ ነው። ከማስጠንቀቂያው እስከዚያ ቀን ድረስ ሰባት ወር አልፏል። የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ተመራማሪዎች ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገምቱታል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የጎረፈው እርዳታ ብዙዎችን ቢያተርፍም ያለፉትን አልመለሰም።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ የጎረቤት አገር ሶማሊያ ሁኔታ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ከ2010 አጋማሽ ጀምሮ ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ቆይቶ ረሃብ መግባቱ በይፋ የታወጀው በሐምሌ 2011 ነው። በኋላ የተደረገ ጥናት በዚያ ረሃብ ወደ 258 ሺህ ሰዎች እንዳለቁ አመልክቷል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሞቱት ከአዋጁ አስቀድሞ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ የሳተላይት ምስልና የኮምፒዩተር ትንተና የማስጠንቀቂያውን ጥራት እጅግ አሻሽሎታል፤ በማስጠንቀቂያውና በውሳኔው መካከል ያለው ገደል ግን በመሣሪያ ብቻ እንደማይሞላ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

፪. የወራቱ ሰንሰለት

በተግባር ሲታይ ሰንሰለቱ የሚከተለውን ይመስላል። በልግ አምራች በሆኑት የሰሜን ሸዋና የወሎ ደጋማ አካባቢዎች ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዝናብ ሲቀር ገበሬው ጉዳቱን በመጋቢት ያውቀዋል። የመኸሩ ሰብል ግን ተገምግሞ፣ ቁጥሩ ተደማምሮ፣ ለለጋሾች የሚቀርበው ጥሪ ሲዘጋጅ የቆየው በአብዛኛው ከኅዳርና ከታኅሣሥ በኋላ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ እህል ደግሞ ቃል ከተገባበት ቀን ጀምሮ ወደብ ደርሶ ወደ መጋዘን እስኪገባ ከአራት እስከ ስድስት ወራት ይወስድበታል። እነዚህን ወራት የደመረ ሰው ከመጋቢት እስከ መጋቢት አንድ ዓመት ሙሉ እንደሚያልፍ ያገኘዋል።

ገበሬው በዚህ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ደሳለኝ ራህመቶ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በወሎ፣ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው ጥናት እንዳመለከቱት፣ ገበሬው ረሃብን የሚቋቋመው በቅደም ተከተል ነው። አስቀድሞ የምግቡን መጠን ይቀንሳል፤ ዶሮውን፣ በጉንና ፍየሉን ይሸጣል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል። የእርሻ በሬውን የሚሸጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቤቱን ዘግቶ የሚሰደደውም ከዚያ በኋላ ነው። የእህል ዋጋ ሲወጣና የከብት ዋጋ ሲወርድ፣ አንድ በሬ የሚገዛው እህል ከሳምንት ወደ ሳምንት እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህም ለአስተዳዳሪው ዋናው ምልክት በመንገድ ዳር የሚታየው ተፈናቃይ ሊሆን አይገባም። ተፈናቃይ የረሃብ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ማስጠንቀቂያው ሳይሰማ የመቅረቱ ማስረጃ ነው።

በሬው ከመሸጡ በፊት የደረሰ አንድ ኩንታል እህል ቤተሰቡን በመሬቱ ላይ ያቆየዋል። በሬው ከተሸጠ በኋላ የደረሰ አንድ ኩንታል ነፍስ ያተርፋል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ምርት ግን አያተርፍም። በመጠለያ ጣቢያ የደረሰው ደግሞ እንደ ኩፍኝና ተቅማጥ ካሉ በተጨናነቀ ሥፍራ ከሚዛመቱ በሽታዎች ጋር ይሽቀዳደማል። እህሉ ያው አንድ ኩንታል ሲሆን ዋጋው የሚለያየው በደረሰበት ወር ነው።

በአርብቶ አደሩ አካባቢም ሕጉ ተመሳሳይ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉበት ጊዜ በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አልቀዋል። ከብቱ ገና አቅም ሳለው የሚቀርብ መኖና ውኃ ወይም የሚከፈት ገበያ ቤተሰቡን ከተረጂነት ያድነዋል። ከብቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ቀለብ ግን ለዓመታት የማይቆም ሸክም ይሆናል።

፫. ቁጥር፣ ድርድርና የተለመደ መንገድ

በማስጠንቀቂያና በውሳኔ መካከል ከሚያዘገዩት ነገሮች አንዱ የተረጂው ቁጥር የሚወሰንበት አሠራር ነው። የላይኛው አካል የታችኛው ቁጥር እንደሚያጋንን በመገመት ይቀንሰዋል፤ የታችኛውም የላይኛው እንደሚቀንስበት በማወቅ አስቀድሞ ይጨምርበታል። በዚህ አኳኋን ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም እውነተኛውን ቁጥር አያውቀውም፤ ቁጥሩ የችግር መለኪያ መሆኑ ቀርቶ የድርድር ዋጋ ይሆናል። የጸደቀው ኮታ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ደግሞ የቀበሌው ኮሚቴ ጎረቤትን ከጎረቤት ለመለየት ስለሚቸገር፣ ለአንድ ቤተሰብ የተመደበውን መቁነን ለሁለት ወይም ለሦስት ያካፍለዋል። ይህ ማካፈል በሕዝቡ ዘንድ እንደ ፍትሕ የሚታይ ቢሆንም፣ ምንም ለሌለው ቤተሰብ የሚደርሰው እህል ከወሩ አጋማሽ እንዳያልፍ ያደርገዋል።

ሌላው የልማድ ኃይል ነው። ዳንኤል ክሌይ፣ ዳንኤል ሞላና ደበበ ሀብተወልድ በ1988 ዓ.ም. አካባቢ በተሰበሰበ የገጠር ቤተሰብ መረጃ ላይ ያካሄዱት ጥናት፣ በእርዳታ እህል ሥርጭትና በቤተሰቦች የምግብ እጥረት መካከል የተጠበቀውን ዝምድና እንዳላገኘ አስታውቋል። እህሉ በብዛት ሲሄድ የታየው ቀደም ባሉት ዓመታት ሲላክባቸው ወደነበሩት አካባቢዎች ነው። ለዚህም የተሰጠው ምክንያት ክፋት ወይም አድልዎ ብቻ አይደለም። መጋዘኑ እዚያ ተሠርቷል፤ ሠራተኛው እዚያ ተቀጥሯል፤ የካሚዮን ውሉ ለዚያ መንገድ ተፈርሟል፤ የአምናው ዝርዝር በእጅ ይገኛል። አዲስ የተጎዳ ወረዳ ግን መጋዘንም፣ ጽሕፈት ቤትም፣ ዝርዝርም ስለሌለው ችግሩን ማስረዳት የሚጀምረው ከባዶ ነው።

ተቋማት በየጊዜው ስማቸውና ደረጃቸው መለወጡም የራሱ ዋጋ አለው። በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተው ኮሚሽን በ1987 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ፤ ቀጥሎም ኤጀንሲ፣ ከዚያ በግብርና ሚኒስቴር ሥር የተደራጀ የሥራ ዘርፍ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ኮሚሽን ሆኗል። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት በፈረሰ ቁጥር ልምድ ያለው ሠራተኛ ይበተናል፤ መዝገብ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር ይጓደላል። የረሃብ አስተዳደር በአብዛኛው የማስታወስ ሥራ በመሆኑ ይህ ጉዳት ቀላል አይደለም።

፬. አስቀድሞ የተሰጠ ውሳኔ

ታዲያ ገደሉ በምን ይሞላል? ከጥናቶቹ ጎልቶ የሚወጣው መልስ ውሳኔውን ከችግሩ ጊዜ አውጥቶ አስቀድሞ መስጠት ነው። ይኸውም የዚህ ዓይነት ምልክት ሲታይ፣ ይህ ኃላፊ፣ ከዚህ ሂሳብ፣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይህን እንዲፈጽም ሳይቸኩሉ በተረጋጋ ጊዜ መደንገግ ማለት ነው።

የዚህ አሠራር ቀደምት ምሳሌ የሕንድ የረሃብ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1878 በሕንድ ከደረሰው ከባድ ረሃብ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1880 ባቀረበው ሐሳብ መነሻነት በየክፍለ ሀገሩ ደንብ ወጣ። የእህል ዋጋ ሲንር፣ ሰው ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት፣ የአውራጃው ሹም የሙከራ ሥራ ከፍቶ ለሠራተኛው ደመወዝ እንዲከፍልና የሚመጣውን ሰው ብዛት እንዲመለከት ታዘዘ። ብዙ ሰው በአነስተኛ ደመወዝ ለመሥራት ከመጣ ችግሩ እውነተኛ መሆኑ በዚያው ይረጋገጣል። በዚህ ዘዴ ጥናቱና እርዳታው አንድ ላይ ይጀመራሉ፤ «ተጣርቶ ይቅረብ» የሚለው ቃል ሰው አያስርብም።

ይሁን እንጂ ደንብ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1943 በቤንጋል ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ሲያልቅ ደንቡ በሥራ ላይ ነበር፤ ነገር ግን የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ረሃብ መግባቱን በደንቡ መሠረት ሳያውጅ ቀረ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 በማሃራሽትራ ከባድ ድርቅ በደረሰ ጊዜ የሕዝብ ሥራ በስፋት ተከፍቶ፣ በከፍተኛው ወር ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራተኛ በደመወዝ ተሰማርቷል፤ ዕልቂትም አልደረሰም። ዣን ድሬዝና አማርትያ ሴን ስለዚህ ሲጽፉ ልዩነቱን ያመጣው የጋዜጣ፣ የምክር ቤትና የሕዝብ ጥያቄ በሹሙ ላይ የሚያሳድረው ግፊት መሆኑን አስረድተዋል። ደንቡን ሥራ ላይ የሚያውለው ባለመፈጸሙ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ነው ማለት ነው።

በኢትዮጵያም በዚህ አቅጣጫ የተወሰዱ እርምጃዎች አሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ተቀባይነት ያገኘው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ፣ በእርዳታ እጦት ምክንያት የሰው ሕይወት ማለፍ እንደሌለበትና መሥራት የሚችል ሰው እርዳታውን በልማት ሥራ እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። የመጠባበቂያ እህል ክምችትም፣ የተገባ ቃል እህል ሆኖ እስኪደርስ ድረስ ለእርዳታ ድርጅቶች እያበደረ የወራቱን ሰንሰለት ሊያሳጥር ችሏል። ክምችቱ የሚሠራው ግን ተበዳሪው በጊዜው ሲመልስ ብቻ ነው፤ መተኪያው ሲዘገይ መጋዘኑ በሚቀጥለው ድርቅ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ፣ በየዓመቱ በጥሪ ይረዱ ከነበሩት መካከል ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉትን ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ሰዎች አስቀድሞ በታወቀ መዝገብና በጀት ሥር አደረጋቸው። ሲነደፍም ለድንገተኛ ችግር የሚውል 20 በመቶ መጠባበቂያ ተይዞለት ነበር፤ 15ቱ በክልል፣ 5ቱ በወረዳ እጅ። ይህ የ5 በመቶ ድርሻ በገንዘብ መጠን ትንሽ ቢመስልም በአስተዳደር ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ የወረዳ አስተዳዳሪ የሚያየውን ችግር ከላይ ፈቃድ ሳይጠብቅ መንካት የሚችልበት መሣሪያ ነበርና። ፕሮግራሙን ለዓመታት የተከታተሉት የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች፣ አምስት ዓመት የታቀፉ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ከታቀፉት ይልቅ ምግባቸው በዓመት ከአንድ ወር በላይ ለሚሆን ተጨማሪ ጊዜ እንደሚበቃቸው አግኝተዋል። ክፍያው በዘገየበት ቦታ ግን ገበሬው ወደ ቀድሞው ብድርና ሽያጭ ይመለሳል።

በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት ከባድ ድርቅ በደረሰ ጊዜ የተረጂው ቁጥር ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ብቻ ከ4.5 ሚሊዮን ወደ 8.2፣ ከዚያም ወደ 10.2 ሚሊዮን አሻቅቦ ነበር። መንግሥት የለጋሾችን መልስ ሳይጠብቅ ከራሱ በጀት እህል ገዝቶ ማንቀሳቀሱ፣ የሴፍቲኔቱ መዝገብና መጋዘን አስቀድሞ መኖሩ፣ መንገዱም መሻሻሉ ተደማምረው እንደ 1977 ዓ.ም. ያለ ዕልቂት ሳይከሰት አልፏል። በኬንያ ሰሜናዊ አውራጃዎችም የሳተላይት ምስል የግጦሹን መድረቅ ሲያሳይ፣ አስቀድመው ለተመዘገቡ ተጨማሪ ቤተሰቦች ገንዘብ በባንክ ሂሳባቸው እንዲገባ የሚያደርግ አሠራር ተሞክሯል።

መለኪያው ብቻውን ይበቃል ማለት ግን አይደለም። ከሰማይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ከብት የሚበላው ሣር አይደለም፤ በአፋር የተስፋፋውን የፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። ስለሆነም መለኪያው የአካባቢውን ሽማግሌና የልማት ሠራተኛ ቃል መተካት የለበትም።

የውሳኔው ቁልፍ በሌላ እጅ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል የቅርብ ዓመታት ሁኔታም አሳይቷል። በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ከታለመለት ዓላማ ውጭ መዋሉን ገልጸው ሥርጭታቸውን በመላ አገሪቱ ሲያቆሙ፣ ጦሙን ያደረው እህሉን ያልነካው ተረጂ ነው። ለረጅም ዓመታት ዋና የእህል ምንጭ ሆኖ የቆየው ያው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሥራውን አቁሟል። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት የመዝገብ ንጽሕና የሕይወት ጉዳይ መሆኑና የራስ መጠባበቂያ ምትክ የሌለው መሆኑ ነው።

፭. በሠፈራ ሥራ የታየው

በእርዳታ ሥራ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ውሳኔው ሲዘገይ፣ በሠፈራ ሥራ ደግሞ ውሳኔው ቀድሞ ጥናቱ የዘገየበት ዘመን ታይቷል። በ1977 ዓ.ም. 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ለማንቀሳቀስ ታቅዶ፣ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተጓጉዟል። የሠፈራ ጣቢያዎቹ የተመረጡት በጥድፊያ ነው። ወባና የገንዲ በሽታ መኖሩ፣ «ባዶ» የተባለውም መሬት የጉሙዝ፣ የአኙዋክና የሌሎች ነባር ነዋሪዎች የእርሻ፣ የአደንና የማር ሀገር መሆኑ ላካባቢው ሰው የታወቀ ነበር፤ ይህን ዕውቀት የጠየቀ ግን አልነበረም። በፈቃድ የሄዱ ነበሩ፤ ከገበያና ከእርዳታ ጣቢያ በግዳጅ የተወሰዱም ነበሩ፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅም ተለያይተዋል።

አሉላ ፓንክኸርስት በወለጋ ቄቶ በሠፋሪዎች መካከል ኖረው ያጠኑት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ወልደ ሥላሴ አቡቴ ስለ መተከል ጉሙዞችና ሠፋሪዎች የጻፉት ደግሞ በ2004 ታትመዋል። ሁለቱም የሚያሳዩት ሠፋሪ የሚቋቋመው በትራክተርና በቀለብ ብቻ ሳይሆን በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በዕድርና በቤተ እምነት መሆኑን ነው። በፓዊ የጣና በለስ ፕሮጀክት በኢጣሊያ እርዳታ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ቢሆንም፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ድጋፉ ሲቋረጥ በማሽን ላይ የተመሠረተው እርሻ አብሮ ቆሟል፤ ከየጣቢያውም በርካታ ሠፋሪዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰዋል። የማኅበራዊ ጥናት ሊቁ ማይክል ቸርኒያ ከቦታቸው የሚነሱ ሰዎችን የሚጠብቁ ስምንት የድህነት አደጋዎችን ሲዘረዝሩ፣ መሬትና ሥራ ማጣትን ብቻ ሳይሆን የጋራ ግጦሽና ደን ማጣትን፣ የማኅበራዊ ትስስር መበጠስንም ያካተቱት ለዚህ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተነደፈው የሠፈራ ፕሮግራም ይህን ትምህርት በመያዝ፣ ሠፈራው በፈቃደኝነት፣ በክልል ውስጥ፣ ነባሩን ነዋሪ በማማከርና ዝግጅት አስቀድሞ በማጠናቀቅ እንዲሆን፣ ሠፋሪውም በቀድሞ ቀየው ያለውን መሬት ለሦስት ዓመት እንዳያጣ ወስኖ ነበር። በሦስት ዓመት 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ የማስፈር ዕቅዱ ግን ራሱ ከዝግጅቱ ጋር ተጋጨ፤ ከላይ የወረደውን ቁጥር ለመሙላት ሲባል ውኃውና ጤና ጣቢያው ሳይደርስ ሠፋሪው ቀድሞ የደረሰባቸው ጣቢያዎች ታይተዋል። የመመለስ መብቱ መጠበቁ ግን ጥሩ የአስተዳደር መለኪያ ሆኖ አገልግሏል። ሠፋሪ በመጣበት መንገድ ሲመለስ ጣቢያው ምን እንደጎደለው ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ይናገራል።

፮. ለወረዳና ለቀበሌ ሥራ የሚቀሩ ጥያቄዎች

ከላይ ከተዘረዘረው የሚገኘው ትምህርት በአምስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። የድርቅ ሥጋት ያለበት ማንኛውም ወረዳ ዝናቡ ሳይቀር፣ በጥጋብ ዓመት፣ መልሳቸውን በጽሑፍ ይዞ መገኘት ይጠበቅበታል።

አንደኛ፤ በዚህ ወረዳ የችግር መግቢያ ምልክቱ ምንድን ነው? ምን ያህል ዝናብ ሲጓደል፣ አንድ በሬ ስንት ኩንታል መግዛት ሲያቅተው፣ ስንት ወጣት ለቀን ሥራ ሲወጣ እርምጃ ይጀመራል?

ሁለተኛ፤ ምልክቱ ሲታይ የሚወስነው ማን ነው? ኮሚቴ ብቻ ብሎ መመለስ በቂ አይደለም። ኮሚቴው በስንት ቀን ይሰበሰባል፤ ካልተሰበሰበስ ማን ይወስናል?

ሦስተኛ፤ በወረዳው እጅ ያለው ምንድን ነው? በመጋዘን ያለው እህል፣ ያልተነካ መጠባበቂያ ገንዘብ፣ ለሕዝብ ሥራ የተዘጋጀ የእርከን ወይም የኩሬ ዕቅድ በቁጥር ሊታወቅ ይገባል።

አራተኛ፤ ከአምናው ዝርዝር ውስጥ ዛሬ የማይገባው ማን ነው፤ ከዝርዝሩ የቀረው ሊገባ የሚገባውስ? ስሙ የተዘለለ ሰው አቤት የሚለው ለማን ነው፤ መልሱስ በአደባባይ ይነበባል?

አምስተኛ፤ የተላከው ሪፖርት መልስ ሳያገኝ ስንት ቀን ሲሞላው ወደሚቀጥለው እርከን በቀጥታ ይተላለፋል? ቁጥሩን በእውነት የጻፈ ሠራተኛ፣ ቁጥሩ ስላላማረ እንዳይቀጣ የሚጠብቀውስ ማን ነው?

ከሁሉም የመጨረሻው ይከብዳል። የሥራ ውጤቱ በመልካም ሪፖርት ብቻ የሚመዘን ሠራተኛ ክፉ ወሬ ለማቅረብ ይፈራል፤ የሚፈራ ሠራተኛ ደግሞ ችግሩን የሚጽፈው መደበቅ ሲያቅተው ነው። ስለዚህ ድርቅን በጊዜው ያሳወቀ ወረዳ እንደ ደካማ ሳይሆን እንደ ንቁ ሊቆጠር ይገባዋል።

የተከበራችሁ የስብሰባው ተካፋዮች፤

በ1958 ዓ.ም. ደብዳቤ ከእርከን ወደ እርከን ሲሄድ ወደ 300 ቀን ወሰደ። ዛሬ ያው ወሬ በስልክ በደቂቃ ይደርሳል። ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ይሁንና ደብዳቤውን በጊዜው ያዘገየው መንገዱ ብቻ አልነበረም፤ በየጠረጴዛው ላይ የመወሰን ግዴታ ያለበት ሰው አለመኖሩም ነበር። መንገዱ አጥሯል፤ ጠረጴዛዎቹ ግን አሁንም አሉ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የተቀመጠ ኃላፊ ሁሉ፣ ከፊቱ ያለው ወረቀት የገባበትን ቀንና በቆጠረው ልክ አንድ ገበሬ በሬውን ወደ ገበያ እየነዳ መሆኑን ማስታወስ ይጠበቅበታል።